ምርምር፣ ኦዲትና የጥራት ማሻሻያ፤ በጤና አገልግሎት ያላቸው ልዩነትና ለትምህርት ሥራ ያለው ትርጉም

መግቢያ

በማናቸውም የሥራ መስክ መረጃ መሰብሰብ፣ መቁጠር፣ ማነጻጸርና ሪፖርት ማቅረብ የተለመደ ተግባር ነው። ይሁን እንጂ ቁጥር የሰበሰበ ሁሉ ምርምር አካሄደ ማለት አይደለም፤ ምርምር የሚል ስም ያልተሰጠው ሥራም ሁሉ ከምርምር ግዴታዎች ነፃ ነው ማለት አይቻልም። ሁለቱን አሳስቶ መመልከት የሚያስከትለው ጉዳት በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ጉዳቱ በሚታከመው ሕመምተኛ ወይም በሚማረው ልጅ ላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ።

ይህን ልዩነት ለይቶ ለማስቀመጥ ረዥም ጊዜ ከወሰዱና ከባድ ዋጋ ከከፈሉ መስኮች አንዱ የጤና አገልግሎት ነው። በሆስፒታሎች ውስጥ ምርምር፣ ኦዲትና የጥራት ማሻሻያ የተባሉት ሦስት ሥራዎች ጎን ለጎን ይካሄዳሉ፤ ሦስቱም መረጃ ይሰበስባሉ፤ ሦስቱም የሕመምተኛውን መልካም ይሻሉ፤ በዓላማቸው፣ በዘዴያቸውና በሚጠይቁት ፈቃድ ግን ይለያያሉ። ጉዳዩ መምህራንንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችን የሚመለከትበትም ምክንያት ግልጽ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 የመምህራን ትምህርት ሥርዓት እንደገና ሲዋቀር ተግባራዊ ምርምር የሥልጠናው አካል ሆኖ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ «ምርምር» የሚለው ቃል ከዩኒቨርስቲ ግቢ ወጥቶ ወደ መማሪያ ክፍል ዘልቋል። ስለሆነም የቃሉን ወሰን ማወቅ የእያንዳንዱ መምህር ጉዳይ ሆኗል።

የሦስቱ ሥራዎች ምንነት

ሀ/ ምርምር

ምርምር ማለት ገና ያልታወቀን ነገር ለማወቅ ወይም አጠራጣሪ የሆነውን ለማረጋገጥ፣ አስቀድሞ በተነደፈ ዘዴ የሚካሄድ ጥናት ነው። ከምርምር የሚገኘው ዕውቀት ከተጠናበት ቦታና ከተጠኑት ሰዎች አልፎ ለሌሎችም እንዲያገለግል የታሰበ መሆን ይኖርበታል።

ለዚህ በአገራችን በጣም የታወቀው ምሳሌ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ አካባቢ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጻ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ያውቅ ነበር፤ የቢልሃርዝያን ተሕዋስ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ለመግደል ሊያገለግል መቻሉ ግን በሳይንስ ተፈትኖ የተመሠከረ ዕውቀት አልነበረም። በትዝብት የተወለደው ጥያቄ በሙከራ ተፈተነ፤ የተገኘውም መልስ ለዓድዋ ብቻ ሳይሆን በሽታው ላለበት አገር ሁሉ የሚጠቅም ሆነ።

የምርምር ዘዴ ጥብቅነት በምን እንደሚገለጽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1948 በብሪታንያ ይፋ የሆነው የስትሬፕቶማይሲን ጥናት በሚገባ ያሳያል። የሳንባ ነቀርሳ ከያዛቸው 107 ሕመምተኞች መካከል 55ቱ መድኃኒቱንና የአልጋ ዕረፍትን፣ 52ቱ የአልጋ ዕረፍትን ብቻ እንዲያገኙ ተደረገ። ማን ከየትኛው ቡድን እንደሚገባ የወሰነው የሐኪሙ ምርጫ አልነበረም፤ በታሸገ ፖስታ ውስጥ የተቀመጠ ዕጣ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ መድኃኒቱን ካገኙት 4፣ ካላገኙት 14 ሰዎች ሞተው ተገኙ። ዕጣው ያስፈለገው የቡድኖቹ ልዩነት ከመድኃኒቱ እንጂ ከሐኪሞች አድልዎ የመጣ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ነው።

ለ/ ኦዲት

ኦዲት አዲስ ዕውቀት አይፈልግም። መነሻው አስቀድሞ የታወቀና የጸደቀ መለኪያ ነው። የሚጠይቀውም ጥያቄ፣ «መደረግ ያለበት ነገር በእርግጥ እየተደረገ ነውን?» የሚል ነው። ለምሳሌ መመሪያው እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር የደም ግፊቷ እንዲለካ ያዛል እንበል። ኦዲት አድራጊው ያለፉትን መዝገቦች አውጥቶ ስንቶቹ እንደተለኩ ይቈጥራል፤ ውጤቱን ከመለኪያው ጋር ያስተያያል፤ ጉድለቱ የተገኘበትን ምክንያት ይለያል፤ ማስተካከያ ከተደረገ በኋላም እንደገና ይቈጥራል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ያለ እርሱ ግን ኦዲት የጉድለት ዝርዝር ከመሆን አያልፍም።

በዚህ ረገድ ቀዳሚ ከሆኑት ሰዎች መካከል የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ኮድማን ይገኙበታል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ ማንኛውም ሆስፒታል ያከማቸውን ሕመምተኛ ሁሉ እስከ መጨረሻው ተከታትሎ ሕክምናው መሳካት አለመሳካቱን፣ ካልተሳካም ለምን እንዳልተሳካ መመዝገብ አለበት የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ በባልደረቦቻቸው ዘንድ ተቀባይነት ስላላገኘ እ.ኤ.አ. በ1914 ከሚሠሩበት ትልቅ ሆስፒታል ሥራቸውን ለቀቁ። ይኸው አሠራር በብሪታንያ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የመንግሥት የማሻሻያ ሰነድ አማካይነት የሐኪሞች መደበኛ ተግባር እንዲሆን ተወስኗል።

ሐ/ የጥራት ማሻሻያ

የጥራት ማሻሻያ ሥራ ደግሞ፣ «አሠራራችን የተሻለ እንዲሆን ምን እንለውጥ?» በሚል ጥያቄ ይጀምራል። ምንጩ ሕክምና አይደለም፤ ፋብሪካ ነው። አሜሪካዊው ዋልተር ሺዋርት እ.ኤ.አ. በ1924 የምርትን ጥራት በጊዜ ቅደም ተከተል የሚያሳይ የመቆጣጠሪያ ሠንጠረዥ ነደፉ፤ ኤድዋርድስ ዴሚንግም ትምህርታቸውን አስፋፉ። ከዚህ የመነጨው የአሠራር ዑደት አራት ደረጃዎች አሉት፤ እነርሱም ማቀድ፣ በጥቂቱ መሞከር፣ የተገኘውን መመርመር፣ ከዚያም አስተካክሎ እንደገና መጀመር ናቸው። ለውጡ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ፈረቃ፣ ለጥቂት ቀናት ሊሞከር ይችላል። ምርምር ዕቅዱን እስከ ፍጻሜው ሳይለውጥ ሲይዝ፣ የጥራት ማሻሻያ በመንገድ ላይ ዕቅዱን መለወጡ ጉድለቱ ሳይሆን ባሕርዩ ነው።

አንዱ ጉዳይ በሦስት መልኩ

ልዩነቱን ይበልጥ ግልጽ ለማድረግ አንድን ጉዳይ፣ ማለትም የሐኪሞችን እጅ መታጠብ፣ በሦስቱም መልክ መመልከት ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ1846 በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። የሕክምና ተማሪዎች በሚሠለጥኑበት በአንደኛው ክፍል ከወላዶች 11.4 በመቶ ሲሞቱ፣ አዋላጆች በሚሠለጥኑበት በሁለተኛው የሞቱት 2.8 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዶክተር ኢግናዝ ሴመልቫይስ የልዩነቱን ምክንያት ሲመረምሩ፣ ተማሪዎቹ አስከሬን ከሚመረመርበት ክፍል በቀጥታ ወደ ወላዶች እንደሚመጡ አስተዋሉ። የሞት መንስኤው ከአስከሬን ወደ እጅ፣ ከእጅም ወደ ወላዷ የሚተላለፍ ነገር ነው የሚል መላ ምት አወጡ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1847 አጋማሽ እጅ በክሎሪን ኖራ እንዲታጠብ አዘዙ። በሚያዝያ 18.3 በመቶ የነበረው ሞት በሰኔ ወደ 2.2 በመቶ ወረደ። ይህ ከዚያ በፊት ያልታወቀን ነገር ለማወቅ የተደረገ ስለሆነ የምርምር ባሕርይ አለው።

ዛሬ ግን እጅ መታጠብ ሕይወት ማዳኑ አጠያያቂ አይደለም። አንዲት የነርሶች ኃላፊ በክፍሏ ውስጥ ባለሙያዎች ሕመምተኛ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ምን ያህል ጊዜ እንደሚታጠቡ ቈጥራ ከመመሪያው ጋር ብታነጻጽር ሥራዋ ኦዲት ነው። ቈጥራ ስታበቃ፣ የውሃው ቧንቧ ከአልጋዎቹ መራቁን ተረድታ የእጅ ማጽጃ አልኮል በየአልጋው ሥር እንዲቀመጥ ብታደርግና ለውጡን በየሳምንቱ ብትከታተል ደግሞ የጥራት ማሻሻያ ሥራ ጀምራለች። በሦስቱም ጊዜ የሚታየው ድርጊት አንድ ነው፤ እጅ ይታጠባል፤ ቁጥር ይመዘገባል። የሚለየው የተነሣው ጥያቄ ነው።

ልዩነቱ ለምን ይጠበቃል?

በምርምር የሚሳተፍ ሰው ለራሱ ጥቅም ብቻ ሳይሆን ለሌሎች ዕውቀት ሲባል ወደማይታወቅ ነገር ይገባል። ስለዚህም አስቀድሞ በሚገባ ተነግሮት በፈቃዱ ሊገባ፣ በፈለገም ጊዜ ሊወጣ ይገባዋል። ይህ መሠረተ ሐሳብ ሲጣስ ምን እንደሚደርስ በአሜሪካ፣ በአላባማ ክፍለ ግዛት፣ በተስኪጊ የተፈጸመው ሥራ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ የመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት 600 ያህል ጥቁር ወንዶችን ሲከታተል ኖረ። ከእነዚህ ውስጥ 399ኙ ቂጥኝ ያለባቸው ነበሩ። ሰዎቹ እየታከሙ እንደሆነ ይነገራቸው ነበር፤ የሚፈለገው ግን በሽታው ሳይታከም ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ነበር። ፔኒሲሊን የበሽታው መደበኛ መድኃኒት ከሆነ በኋላ እንኳ አልተሰጣቸውም።

ጉዳዩ ይፋ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 የምርምር ሕግ ወጣ፤ በዚሁ ሕግ የተቋቋመውም ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1979 የቤልሞንት ሪፖርት በመባል የሚታወቀውን ሰነድ አሳተመ። ሰነዱ አስቀድሞ ያነሣው ጉዳይ በሕክምና አገልግሎትና በምርምር መካከል ስላለው ወሰን ነው። አገልግሎት የአንዱን ሕመምተኛ ደኅንነት ለማሻሻል ብቻ የሚደረግ ሲሆን፣ ምርምር ለጠቅላላ ዕውቀት መላ ምትን የሚፈትን ነው። በአንድ ሥራ ውስጥ ሁለቱ ከተቀላቀሉና ጥቂትም ቢሆን የምርምር ባሕርይ ካለበት፣ ሥራው በግምገማ ማለፍ እንዳለበት ሰነዱ አመልክቷል።

ወሰኑ የተፈተነበት የሚሺጋን ሥራ

ደንቡ ይህን ያህል ግልጽ ቢመስልም በተግባር ላይ ሲውል አስቸጋሪ ሊሆን እንደሚችል ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ ታየ። በሚሺጋን ክፍለ ግዛት በሚገኙ ሆስፒታሎች የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ውስጥ፣ በትልቅ ደም ሥር በሚገባው ቀጭን ቱቦ ምክንያት የሚመጣውን የደም መመረዝ ለመቀነስ አንድ ፕሮግራም ተጀመረ። የፕሮግራሙ መሪ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርስቲው ዶክተር ፒተር ፕሮኖቮስት ነበሩ። የተደረገው ነገር እጅግ ቀላል ነበር። አምስት የታወቁ ጥንቃቄዎች በማረጋገጫ ዝርዝር ላይ ሰፈሩ፤ እነርሱም እጅ መታጠብ፣ ቱቦው ሲገባ ሙሉ መከላከያ ልብስና መሸፈኛ መጠቀም፣ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ በተቻለ መጠን በብሽሽት በኩል አለማስገባት፣ ያላስፈለገውን ቱቦ ማውጣት ናቸው። ሐኪሙ ከእነዚህ አንዱን ሲዘል ካየች ነርሷ ሥራውን እንድታስቆም ሥልጣን ተሰጣት።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 የታተመው ውጤት 103 ክፍሎችን የሚመለከት ነበር። ለእያንዳንዱ 1000 የቱቦ ቀን የነበረው አማካይ የመመረዝ ቁጥር ከ7.7 ወደ 1.4 በ18 ወር ጊዜ ውስጥ ወርዷል። ከሦስት ወር በኋላ ቢያንስ ግማሽ የሚሆኑት ክፍሎች ምንም መመረዝ አልመዘገቡም።

በሚቀጥለው ዓመት ግን አቤቱታ ቀረበ። በሰው ላይ የሚካሄዱ ምርምሮችን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ጉዳዩን መርምሮ፣ ሥራው በዕቅድ የተነደፈና ለሌሎች የሚያገለግል ዕውቀትን ለማግኘት ጭምር የተካሄደ ስለሆነ ምርምር ነው፤ ስለሆነም ሙሉ ግምገማና የሕመምተኞች ፈቃድ ጉዳይ ሊታይ ይገባ ነበር ሲል ወሰነ። ዩኒቨርስቲው ግን ሥራው ከግምገማ ነፃ ነው ብሎ ነበር። መረጃ መሰብሰቡ እንዲቆም ተደረገ። ሕይወት የሚያድን ሥራ በወረቀት ምክንያት ቆመ የሚል ከፍተኛ ወቀሳ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 መሥሪያ ቤቱ፣ ሆስፒታሎቹ አሁን ዝርዝሩን የሚጠቀሙበት ለአገልግሎታቸው እንጂ ለምርምር ስላልሆነ ሊቀጥሉ እንደሚችሉ አስታወቀ። አስቀድሞ ለግምገማ ቢቀርብ ኖሮም በአጭር ሥርዓት ታይቶ የእያንዳንዱ ሕመምተኛ ፈቃድ ሳይጠየቅ ሊያልፍ ይችል እንደነበር ገለጸ።

በዚህ ጉዳይ ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ። አምስቱ ጥንቃቄዎች የታወቁ ስለነበሩ ለሕመምተኛው የሚያስፈራ አዲስ ነገር አልቀረበም። በሌላ በኩል ግን ብዙ ሆስፒታሎችን ያቀፈ፣ የተነደፈ መለኪያ ያለውና ውጤቱ ለዓለም የታተመ ሥራ፣ «የራሳችንን አሠራር ብቻ እያስተካከልን ነበር» ለማለት ይቸገራል። እንግዲህ ትልቁ ትምህርት፣ ጥያቄው መነሣት ያለበት ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንጂ ካለቀ በኋላ አለመሆኑ ነው።

ሌላም ትምህርት አለ። ይኸው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 በእንግሊዝ ከ200 በሚበልጡ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ተካሄደ። መመረዙ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ነገር ግን ፕሮግራሙን ገና ባልጀመሩት ክፍሎችም ቁጥሩ እየወረደ መሆኑ ታየ። ከዚህም የተነሣ የመሻሻሉ ምክንያት ፕሮግራሙ ነው ወይስ በአገሩ ሁሉ የመጣ አጠቃላይ ለውጥ ነው የሚለውን መለየት አስቸጋሪ ሆነ። አንድ ክፍል ሥራው መሻሻሉን ማወቅ ለራሱ ይበቃዋል፤ «ይህ ለውጥ ሌላ ቦታም ይሠራል» ለማለት ግን ማነጻጸሪያ ያስፈልገዋል። ምርምር ከጥራት ማሻሻያ የሚለይበት ዋናው ነጥብ ይህ ነው።

መለያ ጥያቄዎች

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት አንድ ሥራ ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ለመለየት የሚከተሉትን ጥያቄዎች ማንሣት ይቻላል፦

1. መልሱ አስቀድሞ ይታወቃልን? ትክክለኛው አሠራር ታውቆ መፈጸሙ ብቻ የሚታይ ከሆነ ኦዲት ነው፤ ትክክለኛው ምን እንደሆነ የሚጠየቅ ከሆነ ምርምር ነው።

2. ውጤቱ የሚያገለግለው ለማን ነው? ለዚያው ተቋም ብቻ ከሆነ ወደ ኦዲትና ወደ ማሻሻያ፣ ለሌሎች ጭምር እንዲሆን ከታቀደ ወደ ምርምር ያዘነብላል።

3. ሰዎች በዕጣ ወይም በሌላ ዘዴ ተከፍለው የተለያየ አገልግሎት እንዲያገኙ ይደረጋልን? ከሆነ ምርምር ነው።

4. ከተለመደው አገልግሎት ውጭ ተጨማሪ ነገር በሰዎች ላይ ይደረጋልን? ከሆነ ስሙ ምንም ይሁን ምን ፈቃድና ግምገማ ይጠይቃል።

ማሳተም ብቻውን ሥራን ምርምር አያደርገውም፤ አለማሳተምም ከምርምርነት አያወጣውም።

ለትምህርት ሥራ ያለው ትርጉም

በሕክምናው ዓለም የተገኘው ይህ ልምድ ለትምህርት እንግዳ አይደለም። አቬዲስ ዶናቤዲያን የተባሉት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1966 የሕክምናን ጥራት በአደረጃጀት፣ በሂደትና በውጤት ከፍለው እንዲለካ አስተምረዋል። በኢትዮጵያ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በሥራ ላይ የዋለው የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽንም ትምህርት ቤቶችን በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት መዝኖ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 መመደቡ በአስተሳሰብ ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። ኢንስፔክሽን በመሠረቱ ኦዲት ነው፤ የጸደቀ መለኪያ ይዞ ይመጣል፤ ያለውን ከሚፈለገው ጋር ያስተያያል።

ለምሳሌ አንድ መምህር ሁሉም የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የመማሪያ መጽሐፍ የደረሳቸው መሆኑን ቢቈጥር ኦዲት አድርጓል። በገበያ ቀን ተማሪዎች የሚቀሩ መሆኑን ተመልክቶ፣ ከወላጆች ጋር ተመካክሮ የዕለቱን የትምህርት ሰዓት በአንድ ክፍል ለሁለት ሳምንት ቢያስተካክል፣ መቅረቱም መቀነስ አለመቀነሱን መዝግቦ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ቢያዛውረው የጥራት ማሻሻያ ሠርቷል። አንድ የማንበብ ማስተማሪያ ዘዴ ከሌላው ይሻል እንደሆነ ለማወቅ ግን ሃያ ትምህርት ቤቶች በዕጣ ተከፍለው ሁለቱን ዘዴዎች ቢያስተምሩ፣ ያ ምርምር ነው፤ የወላጆች ፈቃድና የሚመለከተው አካል ግምገማ ሊቀድመው ይገባል። ይህም የሚሆነው ተማሪ መምህሩን፣ «አልሳተፍም» ለማለት ከሕመምተኛም ይልቅ ስለሚከብደው ነው።

ተግባራዊ ምርምር በሚል ስም የሚቀርቡ ሥራዎች በአብዛኛው ከሁለተኛው ዓይነት ጋር ይቀራረባሉ። ይህን ማለት ሥራዎቹን ማቃለል አይደለም። ከላይ የተጠቀሰው መምህር በገበያ ቀን የሚቀሩትን ልጆች ወደ ክፍል መመለሱ በራሱ ትልቅ ፍሬ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሥራው ያልሆነውን እንዲመስል ሲገደድ ነው። መምህሩ ለአንድ ክፍል የሠራውን በአገር አቀፍ መደምደሚያ እንዲያጠቃልል ከተጠየቀ፣ ናሙናው የማይሸከመውን ቃል ይጽፋል። ዕቅድ አውጪውም ያን ቃል አምኖ በጀት ከመደበ፣ ስሕተቱ ከአንድ ክፍል ወደ አንድ አገር ይሰፋል።

ኦዲትም የራሱ አደጋ አለው። ቁጥሩ ለቅጣት ብቻ የሚውል መሆኑን ያወቀ ሠራተኛ ቁጥሩን ያሳምራል እንጂ ሥራውን አያሻሽልም። ስለዚህ ኦዲት አድራጊው አካል ጉድለት ያገኘበትን ትምህርት ቤት እንዴት ሊረዳ እንዳሰበ አብሮ ሊያስታውቅ ይገባል።

ማጠቃለያ

ምርምር ትክክለኛው ነገር ምን እንደሆነ ይፈልጋል፤ ኦዲት ትክክለኛው ነገር መፈጸሙን ያረጋግጣል፤ የጥራት ማሻሻያ አፈጻጸሙ የሚቀናበትን መንገድ ያበጃል። ከሦስቱ አንዱ ከሌላው አይበልጥም፤ አንዱም ሌላውን አይተካም። ሴመልቫይስ የደረሱበት ዕውቀት በየአልጋው አጠገብ በሥራ ላይ የሚውለው በኦዲትና በማሻሻያ አማካይነት ነው፤ ኦዲትና ማሻሻያም ያለ ምርምር የሚመሩበት መለኪያ አይኖራቸውም።

ስለሆነም ማንኛውም የትምህርት ተቋም መረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ሥራው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ቢያሰፍር፣ የሚያጠራጥር ሲሆንም አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ደግሞ ለሠልጣኞቻቸው የሪፖርት አጻጻፍ ከማስተማራቸው አስቀድመው ይህን ልዩነት ቢያስጨብጡ፣ ልጆቹ ከማይገባ ሙከራ ይጠበቃሉ፤ የመምህሩም ቀላልና ጠቃሚ ሥራ በማያስፈልግ ሥርዓት አይታሠርም።